ከሰባት የማያልፍ ጠቅታ

እኔ ዛር፣ ጋኔን፣ መንፈስ የሚባል ነገር ሲወራ ሰዓቴን የማይ ሰው ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ ካልነገርኳችሁ የቀረውን ባልጽፈው ይሻለኛል። ሰው "በዓይኔ በብረቱ አየሁ" ሲለኝ "መነጽር ግዛ" ነበር መልሴ፣ የኮሌጃችን ተማሪዎች ጣሪያው ላይ የሚራመድ ነገር አለ ብለው ክፍል አንገባም ያሉ ጊዜ መሰላል አስደግፌ ወጥቼ ጦጣዋን ያባረርኩት እኔ ነኝ፣ ከፈለጋችሁ ሚዛን ተፈሪ ሄዳችሁ ጠይቁ። ስሜ ትዕግስት ነው፣ ወላጆቼ ነገሩ ከስሙ ጋር አብሮ የሚመጣ መስሏቸው ነበር፣ አልመጣም። ይህን የምለው ስቆጣ ብትሰሙኝ እንዳይገርማችሁ ነው፣ ምክንያቱም ይህን ነገር ባነሳሁት ቁጥር ከፍርሃቱ ይልቅ የሚቀድመኝ ንዴቱ ነው።

ጊዜው ሞባይል በየኪሱ ገብቶ ኢንተርኔቱ ግን ገና መንገድ ላይ የነበረበት፣ አንድ ኢሜይል እስኪከፈት ሻይ አዝዞ፣ ጠጥቶ፣ ሌላ አዝዞ የሚጠበቅበት ዘመን ነው። እኔ ሚዛን ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አቶ ደረጀ ደግሞ በቴፒ መንገድ ላይ ያለ የአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፣ ክረምት ላይ ደወሉና "ቲቸር፣ ማድረቂያችን አእምሮውን ሳተ" አሉኝ፣ እኔም "መጥቼ ልየው" አልኩ፣ ያቺን አንዲት ቃል ባልተናገርኩ ኖሮ ዛሬ ሰላማዊ ሰው ነበርኩ።

ማድረቂያው ማኅበሩ በሁለተኛ እጅ ያገኘው ትልቅ ከበሮ ነው፣ ታጥቦ የወጣውን እርጥብ ቡና እያንከባለለ በእሳት ሙቀት ያደርቃል። ከበሮውን የሚያዘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አረንጓዴ የብረት ሳጥን ነው፣ መቼ ሞተሩን እንደሚያስነሳ፣ መቼ እሳቱን እንደሚለኩስ፣ ሙቀቱ ሲበዛ መቼ ረገብ እንደሚያደርገው የሚወስነው እሱ ነው፣ መብረቅ መታውና ውስጡ የነበረው ፕሮግራም ድራሹ ጠፋ፣ ፕሮግራሙን የሚያነበው ቺፕ ግን ተረፈ። ሳጥኑን የሠራው ፋብሪካ ተዘግቷል፣ ፋብሪካው የነበረበት አገር ራሱ ፈርሶ ስሙን ካርታ ላይ አታገኙትም፣ ስለዚህ አቤት የሚባልበት ደጅ የለም።

አዲስ ፕሮግራም ለመጻፍ ደግሞ ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ኮምፓይለር ማለት ሰው የሚጽፈውን ትእዛዝ ቺፑ ወደሚገባው ቁጥር የሚመልስ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው፣ በነፃ የሚገኙ፣ ብዙ ዓይነት ቺፕ የሚያውቁ አሉ፣ ይህኛውን ቺፕ ግን አንዳቸውም አያውቁትም፣ ከእኔና ከአቶ ደረጀ በቀር በዓለም ላይ የሚፈልገው ሰው ያለም አይመስለኝ። በዚያ አካባቢ ግን ተመሳሳይ ሳጥን ያለባቸው ሌሎች ማድረቂያዎች አሉ፣ ስለዚህ አንዴ ኮምፓይለሩን ከፍቼ ይህን ቺፕ ላስተምረውና ልገላገል አልኩ። ልገላገል! ሁለት ወር ሙሉ እያንዳንዱን ትእዛዝ ከነቁጥሩ በሠንጠረዥ ስሞላ፣ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ሲበላሽ፣ አቶ ደረጀ በየማለዳው እየደወሉ "የት ደረስሽ?" ይሉኛል፣ መኪና ተሳፍሬ የምመጣ ይመስል።

ቁጥሮቹን የማገኘው ከማሽኑ ጋር ከመጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ መጽሐፉን ያቆዩት የማድረቂያው ኦፕሬተር ጋሽ ያዕቆብ ናቸው፣ ማሽኑን በጆሮ የሚያውቁ፣ ከሩቅ ሰምተው "ቀበቶው ላልቷል" የሚሉ ሽማግሌ የሸኮ ሰው። መጽሐፉን በኬሻ ጠቅልለው ቆጥ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል፣ ምስጥ ገብቶበት፣ ከዚያ ሁሉ ወረቀት መርጦ አንዲት ቅጠል ብቻ በልቷል፣ የትኛዋን? "ይህ ከሆነ ቀጥል፣ ካልሆነ ጠብቅ" የሚሉት አራት ትእዛዞች የተጻፉባትን። እመኑኝ፣ ሌላ የትኛውም ቅጠል ቢሄድ መላ አላጣም ነበር፣ መጠበቅ የማያውቅ ማድረቂያ ግን ወይ ቡናውን ያሳርራል ወይ ከናካቴው አይነሳም። በግምት ሞከርኩ፣ ከበሮው አንዴ ይነቃነቅና ቀጥ ይላል፣ እንዲህ አንድ በአንድ እየገመትኩ ብቀጥል ቡናው ሻግቶ አልቆ ዛፉ እንደገና ያብባል።

ከዚያ ለቀማው ደረሰ፣ ዝናቡ ግን በቃኝ ማለት አቃተው። ቡናው ተፈልፍሎ፣ ታጥቦ፣ ማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ከወጣ በኋላ ፀሐይ የለችም፣ ቀኑን ሙሉ ላስቲክ ለብሶ ይውላል፣ ላስቲክ ሥር የዋለ እርጥብ ቡና ደግሞ ሦስት አራት ቀን ቢታገሥ ነው፣ ከዚያ መሻገት ይጀምራል፣ ከሻገተ የዚያ ሁሉ ሰው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ከኮሌጁ ፈቃድ ጠይቄ፣ ላፕቶፔን ይዤ፣ ከበሮው አጠገብ ሆኜ ልጨርሰው ሄድኩ።

ጋሽ ያዕቆብ አንድ አመል አላቸው። የማሽን ቤቱን ቁልፍ የያዙት ራሳቸው ናቸው፣ ውስጡ ማንም እንደሌለ ያውቃሉ፣ ግን በሩን ከመክፈታቸው በፊት ቆርቆሮውን ሁለቴ መታ መታ አድርገው "ቤቶች!" ይላሉ።

"ማንን ነው የሚጠሩት ጋሼ?"

"ቤት ዝም ተብሎ አይገባም።"

"የማሽን ቤት እኮ ነው!"

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ብጠራ ምን ይጎድልብኛል።"

ይህን ብለው ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ ከውስጥ "ጠቅ… ጠቅ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሳጥኑ ውስጥ ሪሌ የሚባል፣ በኤሌክትሪክ የሚሳብ ትንሽ የብረት ምላስ አለ፣ ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው እሱ ነው፣ መብራቱ ሲዋዥቅ እንደዚያ ይላል፣ ለጋሽ ያዕቆብም ይህንኑ አስረዳኋቸው፣ እሳቸውም "እሺ" አሉኝ፣ ያቺን "እሺ" የምታውቋት ታውቋታላችሁ፣ እንደፈለግሽ ማለት ናት። ዓርብም በሩ ላይ "ቤቶች!" ሲሉ "ጠቅ… ጠቅ"። ገብቼ አምፖሉን አየሁ፣ ይበራል፣ እንግዲህ መብራት ካለ ምክንያት አለ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ እስከ ማታ አራቱን ትእዛዞች ስገምት ዋልኩ፣ አንዱም አልሠራ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም፣ እንዴት አይኖረውም ብዬ ብጮህ ዋጋ የለውም፣ አቶ ደረጀ ናፍጣ ፍለጋ ቴፒ ሄደዋል፣ እዚያም ሆነው ይደውላሉ፣ "ቲቸር፣ የት ደረስሽ?" እኔ የትም አልደረስኩም፣ እርስዎ የት ደረሱ! ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ጥቂት ጋብ ሲል ወደ አልጋዎቹ ወጣሁ። ወይዘሮ ራሔል እዚያ ቆመዋል፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማሳውን ብቻቸውን የያዙ የማኅበሩ አባል ናቸው፣ እነዚያን ሦስት ቀናት በየቀኑ እየመጡ ላስቲኩን ገለጥ አድርገው እጃቸውን ወደ ቡናው ይከታሉ፣ እፍኝ ዘግነው ያሸቱታል፣ ምንም ሳይናገሩ ይሸፍኑትና ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን ተናገሩ።

"ጀምሮታል" አሉኝ።

እኔም አሸተትኩት፣ እርጥብ ጆንያ እርጥብ ጆንያ ይላል።

"የኔ ልጅ፣ የማይሆን ከሆነ ካሁኑ ንገሪን፣ እየተካፈልን ቤት ወስደን ምድጃ ዳር እንዘርጋው። ጭስ ይገባበታል፣ ይበላሻል፣ ግን ከነጭራሹ ከሚጠፋ ይሻላል።"

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ እንዴት በወደድኩ፣ መልስ ባገኘሁ ነበር። "እስከ ማታ ብቻ ይጠብቁኝ" አልኳቸው፣ ምን ይዤ እንደዚያ እንዳልኩ ግን እኔም አላውቅም፣ አፍሬ ነው ያልኩት።

ከጋሽ ያዕቆብ ጋር ወደ ማሽን ቤቱ ተመለስን። በሩን መቱ፣ "ቤቶች!" አሉ፣ "ጠቅ… ጠቅ" አለ።

አሁን እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ቀዝቃዛ ነው፣ በእጄ ነክቼዋለሁ። ሳጥኑ ባትሪ የለውም፣ ከአንዴም ሦስቴ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ላፕቶፔ ከነኬብሉ ትከሻዬ ላይ በቦርሳ ውስጥ ነው። ጋሽ ያዕቆብን አየኋቸው፣ እሳቸው አላዩኝም፣ በሩን ከፍተው ገቡና የተለመደ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ገና ቦርሳዬን ሳላወርድ ጠቅታው ቀጠለ። ሁለት። ዝም። አምስት። ዝም። አንድ። ከዚያ ረዘም ያለ ዝምታ፣ እንደገና ሌላ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፣ ሁለት ወር የደከምኩበት፣ ቡና የሚሻግትበት ሳጥን፣ መብራት ሲኖር የማይሠራ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የሚጫወት! ሄጄ ክዳኑን ነቅዬ ከፈትኩት። የሪሌው ምላስ ብቻዋን ትነሳለች፣ ትወድቃለች፣ በዓይኔ እያየኋት። "ምንድነው የምትፈልገው!" ብዬ ጮህኩበት፣ ለብረት፣ እኔ፣ መነጽር ግዛ ስል የነበርኩት ሴትዮ። ጣቴን ምላሷ ላይ ጭኜ ያዝኳት። ገፋችኝ። በኃይል አይደለም፣ ሕፃን በሩን ልክፈት ብሎ እንደሚገፋው ያህል፣ ግን ገፋችኝ፣ ያንን ግፊት ይህን ስጽፍም ጣቴ ላይ አውቀዋለሁ።

እጄን አነሳሁ። ጥቂት ዝም አለችና ያቋረጥኳትን ከመጀመሪያው ደገመችው።

ከሁሉም ያስበረገገኝ ይህ ነው። አስተማሪ ነኝ፣ ክፍል ውስጥ እያነበብኩ ሳስጽፍ አንድ ተማሪ ካቋረጠኝ የማደርገውን አውቃለሁ፣ የቀረውን አልቀጥልም፣ ዓረፍተ ነገሩን ከአናቱ እደግመዋለሁ። ወደ ግድግዳው ተጠግቼ ቆምኩ፣ ፍርሃት ገብቶኛል፣ ንዴቴ ግን አሁንም አለ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ሰው ምን እንደሚሆን አላውቅም።

ድምፁ ሲያበቃ ዞር ብዬ ጋሽ ያዕቆብን ሳይ ከፊታቸው ባለው ጣውላ ላይ የደረቀ የቡና ፍሬ ደርድረዋል። ቡና ሲመዘን ቆጣሪዎቹ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ ኬሻ ባለፈ ቁጥር አንድ ፍሬ ይጥላሉ፣ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሥራ ስለሆነ የሚቆጠር ነገር ሲሰሙ እጃቸው ብቻውን ወደ ኪሳቸው ይሄዳል። ያቋረጥኩትን አንስተው እንደገና ደርድረውታል። ሦስት ሦስት ክምር በአራት መስመር። የትኛውም ክምር ከሰባት አያልፍም።

የዚያ ቺፕ መጽሐፍ ቁጥሮቹን የሚጽፈው ሦስት ሦስት አሃዝ እያደረገ ነው፣ ስምንትና ዘጠኝ የሚባል አሃዝ አይጠቀምም፣ ሰባት ላይ ያበቃል። የጎደሉኝም አራት ትእዛዞች ናቸው። ይህን ለጋሽ ያዕቆብ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም፣ ብነግራቸውም ምን ይሠራላቸዋል።

"ጻፊው" አሉኝ።

"ምኑን ነው የምጽፈው ጋሼ! ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ?"

"አላውቅም። የተነገረ ነገር ግን ይጻፋል።"

ጻፍኩት። ለምን ካላችሁኝ፣ እንደማይሠራ ላሳይ ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው፣ በኮምፓይለሩ ሠንጠረዥ ባዶ የነበሩትን አራት መስመሮች ሞላሁና ተዘጋጅቼ ተቀመጥኩ። አቶ ደረጀ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ በሞተር ጭነው ጭቃ በጭቃ ሆነው ደረሱ፣ "አለቀ?" አሉኝ ገና ሳይወርዱ፣ ጀሪካኑን ተቀበልኳቸው። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ፕሮግራሙን ወደ ሳጥኑ አስገባሁ። ከበሮው ዞረ። እሳቱ ተለኮሰ። ሙቀቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ እሳቱ ረገብ አለ፣ ጠበቀ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና ተነሳ። ሰዉ ላስቲኩን ገፎ ቡናውን በቅርጫት እያመላለሰ፣ እየጮኸ፣ እየሳቀ፣ ወይዘሮ ራሔል መጥተው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ፣ "እግዚአብሔር ይስጥሽ" አሉኝ፣ እኔ ከሳጥኑ ላይ ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ "አሜን" ማለቱን እንኳን ረሳሁት። ከጥቂት ኬሻ በቀር ቡናው ተረፈ።

ይህን ለሰው ስነግር የምሰማው ያናድደኛል። የኮሌጁ ኤሌክትሪሺያን "የተጠራቀመ ቻርጅ ነው" ይለኛል፣ ቻርጅ ያቋረጡትን ይደግማል ወይ! እናቴ የምትሄድበት ቸርች ያሉ ፓስተር ያን ሳጥን እንዳትነኪ፣ እንጸልይልሽ ይሉኛል። ባልደረባዬ ደግሞ ደክሞሽ ነበር፣ ቁጥሮቹን ከዚህ በፊት አይተሻቸው ረስተሻቸው ነው ይለኛል፣ ይህኛውን ለጥቂት ጊዜ አምኜው ነበር፣ እንዲያውም ተመችቶኝ ነበር፣ ከዚያ ኢሜይሉ መጣ።

ኮምፓይለሩን በውጭ አገር ሆነው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፣ አዲስ ቺፕ ያስተማረ ሰው ሥራውን ይልክላቸዋል፣ እነሱ መርምረው ያስገቡታል፣ ሌላው እንዲጠቀምበት። እኔም ላክሁ። ከሳምንታት በኋላ አንድ ሰው መለሰልኝ፣ ድሮ ያንን ቺፕ ሠርቶበት የሚያውቅ፣ ሙሉው መጽሐፍ ያለው ሰው ነው፣ ሥራሽ ግሩም ነው ብሎ ጀመረ፣ ግን አራቱ መስመሮች ስህተት ናቸው፣ ትክክለኞቹ እነዚህ ናቸው ብሎ ምስጥ የበላትን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ሁለት ሻይ ጠጥቼ ፎቶው ሲከፈት አየሁት። ትክክለኞቹ ቁጥሮች ሌሎች ናቸው። እኔ የጻፍኳቸው አራቱ ደግሞ ከገጹ ግርጌ ተዘርዝረዋል፣ ያልተመደቡ፣ ቺፑ ምንም ሳያደርግ የሚያልፋቸው ተብለው። ሰውዬው ከታች ደግሞ ጠይቆኛል፦ "ይህን ይዞ ሊሠራ አይችልም፣ ሞክረሽዋል? ቁጥሮቹንስ ከየት አገኘሻቸው?"

ምን ብዬ ልመልስ? ሳልመልስ ሰነበትኩ፣ እሱም አራቱን መስመሮች በትክክለኞቹ ተክቶ ሥራዬን አስገባው። ፎቶውን ባየሁ ማግስት ግን ትክክለኞቹን ቁጥሮች ይዤ ወደ ማድረቂያው ሄድኩ፣ ከበሮው ይዞራል፣ እሳቱ ይረግባል፣ ይነሳል፣ ምንም እንከን የለውም። ለጋሽ ያዕቆብ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከበሮውን እያዳመጡ ሰሙኝ።

"እንግዲህ ልቀይረው መጥቻለሁ" አልኳቸው።

"አሁን ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም! ችግሩ እኮ እሱ ነው፣ መሥራት የለበትም!"

"የራሔል ቡና ውስጥ ነው" አሉኝ። "ልትቀይሪው ከፈለግሽ ቀይሪው፣ ማሽኑን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ግን የሰው ቡና ውስጡ እያለ አይሆንም። ባዶ ሲሆን ነይ።"

ልክ ናቸው። ቀይሬው ባይነሳስ፣ የነበረውን መልሼ ጽፌ በድጋሚ ባይነሳስ፣ ለወይዘሮ ራሔል ምን እላቸዋለሁ፣ ሲሠራ የነበረውን አቆምኩት ልበላቸው? ላፕቶፔን ሳልከፍት ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስንት ለቀማ አለፈ፣ ማድረቂያው አንድም ጊዜ አልቆመም፣ በአካባቢው ያሉት ሌሎቹ ማድረቂያዎች በትክክለኞቹ ቁጥሮች ይሠራሉ፣ እሱ ግን ዛሬም በእነዚያ በአራቱ ነው የሚሠራው። ለቀማው ባለቀ ቁጥር ጋሽ ያዕቆብ ይደውሉልኛል፣ "ከበሮው ባዶ ነው፣ ትመጫለሽ?" ይሉኛል። እኔም ፈተና እያረምኩ ነው እላለሁ፣ መንገዱ ተበላሽቷል እላለሁ፣ ሥራ በዝቶብኛል እላለሁ። እውነቱን ለእናንተ ልንገራችሁ፣ ሥራ አልበዛብኝም።